የማይቆጠሩት የጭቃ ላሞች

የመጀመሪያ ቀን የሠራሁት ሥራ ቆርኪ ማጠብ ነው። አንድ ማዳበሪያ ሙሉ የለስላሳና የቢራ ቆርኪ፣ አንድ ባልዲ ውኃ፣ አንድ ቁራጭ ሳሙና ተሰጠኝና “ጥርሱ እንዳይቆርጥሽ” ተባልኩ። ቆርኪው ለሕጻናት መቁጠሪያ ሊሆን ነው። እኔ ደግሞ ቢሮ ተቀጠርኩ ብዬ የእህቴን ጫማ ተውሼ ነው የመጣሁት። ከሰዓት ላይ ጫማውን አውልቄ በባዶ እግሬ ውኃው ውስጥ ቆሜ ነበር፤ ደስም ብሎኝ ነበር።

የሥራ ዘመን ትዝታ የሚጽፉት ጡረታ የወጡ ሰዎች መሆናቸውን አውቃለሁ። እኔ ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ግን መምህራን ኮሌጅ ልገባ ስለሆነ ወንበሬን ለሌላ ልጅ ላስረክብ ነው። ሥራውን ለተተኪዬ በአፍ ሳስረዳ ውዬ ሳልጨርስ ሲመሽ፣ አለቃዬ “ጻፊላት እንጂ” አለኝ። ጀመርኩ። ከጀመርኩ ወዲህ እጄ አልቆም አለ። መጻፍ እንዲህ ደስ እንደሚል እስከ ዛሬ የነገረኝ ሰው የለም።

ቦታው ቆቦ ነው፤ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ያለ የትምህርት ማበልጸጊያ ማዕከል። ስሙን ስትሰሙት ሕንጻ ይመስላል፤ አንድ ክፍል ነው። ግማሹ መርጃ መሣሪያ የምንሠራበት፣ ግማሹ ተማሪ የሚመዘንበት ሲሆን መሀሉ ላይ መጋረጃ አለ። በጦርነቱ ጊዜ መደርደሪያው ባዶ ቀርቶ ስለነበር፣ እኔ ስገባ የነበረን ንብረት አንድ የተሰነጠቀ ሉል፣ ሁለት መቀስና ያ ቆርኪ ነው። ከመቀሶቹ አንዱ አይቆርጥም።

አለቃዬ ቲቸር ጌትነት ይባላል። ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ባለሙያ ነው። የቆቦን ሙቀት እስካሁን አልለመደውም፤ እርጥብ ፎጣ አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ ነው የሚውል። አንድ ልጅ ክፍል ውስጥ ዝም ሲል፣ ወይም ፊደል አልገባው ሲል፣ የክፍሉ መምህር ወደ እኛ ይልከዋል። ቲቸር ጌትነት ይመዝነዋል። መጀመሪያ ያያል ወይ፣ ቀጥሎ ይሰማል ወይ፣ ቀጥሎ ያስታውሳል ወይ፣ በመጨረሻ ይቆጥራል ወይ። ቅደም ተከተሉ አይዘለልም፤ ሰሌዳው የማይታየውን ልጅ “አይገባውም” ብሎ ከመጻፍ የሚከፋ ነገር የለም ይላል።

በመጀመሪያው ቀን ስለ ትምህርቴ ብዙም አልጠየቀኝም። “ዝም ብለሽ መቀመጥ ትችያለሽ?” ብቻ አለኝ።

“እችላለሁ” አልኩ። አልችልም።

እናቴ “የዚች ልጅ መቀመጫ ላይ እሾህ አለ” ትላለች። ምዘና ላይ የረዳቷ ሥራ ደግሞ ከጠረጴዛው ጎን ተቀምጦ ዕቃ ማቀበል ነው። አንድ ቀን አንድ ልጅ ጥያቄውን ትቶ ቁልቁል የኔን እግር ያያል። እግሬ ለካ እንደ ስፌት መኪና ሲመታ ነበር። ልጁ ከወጣ በኋላ ቲቸር ጌትነት ፎጣውን አስተካከለና “ምንታምር” አለኝ።

“አቤት ቲቸር።”

“ዛሬ የተፈተነው እግርሽ ነው። ወድቋል።”

ከዚያ ወዲያ እግሬን ከወንበሩ እግር ጋር በሻሽ እያሰርኩ መቀመጥ ጀመርኩ። ምዘናው አልቆ ስነሳ ወንበሩን ይዤው የሄድኩበት ጊዜም አለ።

ምዘና ላይ ንግግር አይቀየርም። ለሁሉም ልጅ አንድ ዓይነት ቃል፣ አንድ ዓይነት ድምፅ። “ጎበዝ” አይባልም፣ “ተሳሳትሽ” አይባልም፣ ፊት አይቋጠርም። ፈገግታ እንኳ ቢሆን ለሁሉም እኩል ነው። ለኔ ከሁሉም የከበደኝ ይሄ ነው። ልጅ ሲመልስ ደስ ይለኛል፤ ደስ ሲለኝ ደግሞ ፊቴ ይናገራል። ቲቸር ጌትነት “አንቺ መልስ ነሽ፤ ፊትሽን አዙሪ” ይለኝ ነበር።

መርጃ መሣሪያ መሥራቱ ግን ለኔ የተፈጠረ ነው፤ ቆሞም፣ እየሄዱም ይሠራል። የማዳበሪያ ከረጢት ስፌቱ ተፈትቶ፣ ታጥቦ፣ ተወጥሮ ሲደርቅ የፊደል ገበታና የሰውነት ክፍሎች ሥዕል ይወጣዋል። ኮላ ሲጠፋ ዱቄት በውኃ እናፈላለን። ፍሎማስተር ሲደርቅ አልኮል ጠብ ይደረግበታል። የካርድ ፊደል በእጅ ሲጻፍ ቁመቱ እኩል እንዲሆን ከሥሩ በእርሳስ መስመር ይሰመራል። መጀመሪያ ላይ ፊደሎቼ ሽቅብ ይሄዱ ነበር። አንድ ጊዜ ፍየል ስዬ ለአንደኛ ክፍሎች ሳሳያቸው በአንድ ድምፅ “ውሻ” አሉ። ቲቸር ጌትነት ካርዱን ገለበጠና ጀርባው ላይ “ውሻ” ብሎ ጻፈበት። “ልጆቹ ልክ ናቸው” አለ።

አንድ ቀን ሱፐርቫይዘሩ ከወረዳ መጣ። የቆርኪውን ማዳበሪያ ከፈተና አንዱን አንስቶ አገላበጠው።

“ይሄ ምንድን ነው?”

“መቁጠሪያ ነው” አልኩ።

“የገበሬ ልጅ ቆርኪ አርሶ ይበላል እንዴ? መርጃ መሣሪያ ከአካባቢ የሚገኝ፣ ከልጁ ሕይወት ጋር የተቀራረበ መሆን አለበት።”

ከልጁ ሕይወት ጋር የተቀራረበ። ቃሉ ገባብኝ። ያን ቀን ቤት ስገባ ምሳዬን እንኳ ቁጭ ብዬ አልበላሁም። በነጋታው ወንዝ ዳር ወርጄ ዋልካ ጭቃ በፌስታል አመጣሁና ላሞች መሥራት ጀመርኩ። በጥላ አደረቅኋቸው፤ በፀሐይ ከሆነ ይሰነጠቃሉ። ጥቁሩን በከሰል፣ ቀዩን በቀይ አፈር፣ ነጩን በኖራ ቀባሁ። አንዷ ቡሬ፣ አንዷ ዳለቻ፣ አንዷ ዳማ፣ አንዷ ግንባሯ ላይ ቦቃ ያላት። ቀንዳቸውን በግራር እሾህ ሠራሁት። ቲቸር ጌትነት “የልጅ ዓይን ያወጣል” ብሎ የእሾሁን ጫፍ አንድ በአንድ አስቆረጠኝ፤ በዚያው በማይቆርጠው መቀስ።

ሱፐርቫይዘሩ ተመልሶ ሲመጣ ላሞቹን በስልኩ ፎቶ አነሳቸው። “መርጃ መሣሪያ ማለት ይሄ ነው” አለ። ቆርኪው ማዕከል ላልነበረው ለዋጃ ትምህርት ቤት በሚኒባስ ተላከ። የመቁጠር ምዘናው ከዚያን ቀን ጀምሮ በላሞቼ ሆነ። የከተማው ልጆች እየሳቁ፣ ቀንዱን እየነካኩ ይቆጥሩ ነበር።

ከዚያ ሀዋ መጣች። ስሟ ሀዋ አይደለም፤ የተመዘነ ልጅ ስም አይጻፍም። ዘጠኝ ዓመት ይሆናታል፤ አንደኛ ክፍልን እየደገመች ነው። ቤታቸው ከጎብዬ ወዲያ ወደ ቆላው ነው፤ ትምህርት ቤት ስለራቃት ቆቦ አክስቷ ዘንድ ተቀምጣለች። የክፍሏ መምህርት “ድምጿን ሰምቼው አላውቅም” ብላ ላከቻት። አባቷ አያ ሰይድ ገና ሲያስመዘግቧት ለትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ቁርጡን ነግረዋታል፦ “ትሞክር። ጭንቅላቷ የማይቀበል ከሆነ ግን አትደብቁኝ፤ ልውሰዳት። ከብቱ ጠባቂ ይፈልጋል።”

ስለዚህ እኛ የምንለው ነገር የሀዋን ትምህርት ይወስናል። ዳይሬክተሯም ይህንኑ ነግራን ሄደች።

ሀዋ አየች፤ የሩቁን ምልክት ሁሉ በእጇ አሳየች። ሰማች፤ ከኋላዋ በሹክሹክታ የተነገራትን ዕቃ አንስታ አመጣች። እንጨት ደረደረች። የተነገራትን ሥራ በቅደም ተከተል ሠራች፤ አንዱንም አልረሳች። ንግግር ግን የለም። ከዚያ አሥሩን ላሞች ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩ። ሀዋ ስታያቸው ፊቷ በራ። እኔ እግሬ ታስሮ በልቤ ጨፈርኩ።

ቲቸር ጌትነት የተለመደውን ቃል በተለመደው ድምፅ ተናገረ። “እያንዳንዷን በጣትሽ እየነካሽ ቁጠሪልኝ።”

ሀዋ እጆቿን ከሻርፗ ሥር ከተተች።

ጠበቀ። ቃሉን ደገመው። አሥሩ ሲከብድ ወደ አምስት ይወረዳል፤ አምስት አስቀረሁ። እጇ አልወጣም። ወደ ሦስት ወረድን። ሦስት ላም ጠረጴዛው ላይ ቆመው ያዩናል፣ እሷ ታያቸዋለች፣ እኔ እሷን አያለሁ። እባክሽ ሦስት ናቸው በይ ልላት ቃሉ ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነበር። ቲቸር ጌትነት አየኝና ፊቴን አዞርኩ።

ልጅቷ ከወጣች በኋላ ቲቸር ጌትነት የምዘናውን ወረቀት ወደ ራሱ ሳበ። “ወደ ልዩ ክፍል ትዛወር ልል ነው” አለ።

“ቲቸር፣ ልዩ ክፍል ማለት ለአባቷ በቃ ማለት እኮ ነው።”

“አውቃለሁ።”

“ታዲያ?”

“ታዲያ ያየሁትን ነው የምጽፈው፤ የምመኘውን አይደለም።”

አያ ሰይድ የሚመጡት በገበያ ቀን ነው፤ ገበያው ከነገ ወዲያ ነበር። ያን ቀን ከሰዓት አንድም ሥራ በወጉ አልሠራሁም። ካርድ ጀመርኩ፣ ተውኩ። ገበታ ለመወጠር ምስማር ያዝኩ፣ ተውኩ። ግቢውን ዞርኩ፤ አቧራ የያዘ ነፋስ ከሜዳው እየመጣ ዓይኔ ውስጥ ይገባል። ዘበኛው “አንቺ ልጅ የጠፋብሽ ነገር አለ?” አለኝ። ምን እንደጠፋኝ አላወቅሁም።

በነጋታው በእረፍት ሰዓት ሀዋ በመስኮት ስታይ አገኘኋት። የምታየው ላሞቹን ነው። “ግቢ” አልኳትና መጋረጃውን ከፍቼ ወለሉ ላይ አወረድኩላት። ለጨዋታ ከሆነ አይከለከልም።

በጠመኔ ካርቶን በረት ሠራች። ላሞቹን ወደ ሜዳ አሰማራች፤ ሜዳው ከመደርደሪያው ሥር ነው። ውኃ አጠጣቻቸው። ከዚያ እየነዳች መለሰቻቸውና አንድ በአንድ ወደ በረቱ አስገባች። ስታስገባ በአፏ “ህእ፣ ህእ” ትላለች። አስገብታ ስትጨርስ ቀና ብላ አየችኝ።

“ዳለቻዋ የታለች?”

ድምጿን የሰማሁት ያኔ ነው። ዳለቻዋ ላም ትናንት ከምዘናው በኋላ እግሯ ተሰብሮ ልጠግናት ላይኛው መደርደሪያ አስቀምጫት ነበር። አውርጄ አሳየኋት። ሀዋ እግሯን አይታ ከንፈሯን መጠጠች።

እኔ እንግዲህ ዝም ብሎ መቀመጥ የማልችል ሰው ነኝ። “ዞር በይ እስቲ” አልኳትና አንዷን ላም ከጀርባዬ ደበቅኳት። ሀዋ ዞራ በረቱን አየች። ዓይኗ አንድ ጊዜ ነው የዞረው።

“ቡሬዋን አምጫት።”

“እንዴት አወቅሽ?”

“የለችማ።”

“ስንት ናቸው ታዲያ?”

አፏ ተዘጋ። እጇ ተመልሶ ከሻርፑ ሥር ገባ። አጠገቧ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

“ሀዋዬ፣ መቁጠር አስቸግሮሽ ነው?”

“አይቆጠሩም።”

“ምኖቹ?”

“ከብቶቹ። በጣት ከቆጠርናቸው ይሞታሉ።”

“ጭቃ እኮ ናቸው።”

ሀዋ ቦቃዋን ላም አነሳች፤ አየቻት፤ እኔንም አየችኝ። “ላም አይደሉም?” አለች።

ላም እንዲሆኑ ብዬ ስንት የለፋሁ እኔ፣ አይደሉም ልላት አልቻልኩም።

ከማዕከሉ እስከ መምህራን ክፍል ድረስ ሮጥኩ። ቲቸር ጌትነት ከዳይሬክተሯ ጋር ሻይ ይዞ ተቀምጧል። ትንፋሼ እየተቆራረጠ ነገርኳቸው። ሻዩን አስቀመጠና ፎጣውን ከአንገቱ አወረደ።

“እኛም አገር ጫጩት አይቆጠርም” አለ ቀስ ብሎ። “እናቴ ‘አይንሽን አንሺ’ ነበር የምትል ለሚቆጥር ሰው።”

ዳይሬክተሯ የቆቦ ልጅ ናት። “የኔ እናትማ ልጆቿን ስንት ናቸው ሲሏት ‘ያለው አለ’ ብላ ነው የምታልፍ። በጣት መቁጠርማ ጭራሽ” አለች። ከዚያ ሦስታችንም ተያየን። ሁላችንም የምናውቀውን ነገር ነው ልጅቷ የነገረችን። ከጭቃ ላም ጋር ያገናኘው ግን አልነበረም።

ቲቸር ጌትነት ደስታዬን ወዲያው አልተቀበለውም። “ልጅ መልስ ሲያጣ ምክንያት ያገኛል። እውነት ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። በሌላ ዕቃ ነገ ጠዋት እንደገና እናየዋለን” አለ።

“ዛሬ ለምን አይሆንም?”

“ዛሬ አንቺን ፈርታ ትቆጥራለች፣ ወይም አንቺን ፈርታ አትቆጥርም። ትረፍ።”

በምን እንቁጠር የሚለው ደግሞ ሌላ ጣጣ ሆነ። ቆርኪው ዋጃ ነው። “ማሽላ ላምጣ” አልኩ። ዳይሬክተሯ “ቆይ፣ እህልም እኮ አውድማ ላይ ስንት ሆነ አይባልም” አለች። “እንቁላል?” ስል ቲቸር ጌትነት “ጫጩት አልኩሽ እኮ” አለ። ባቄላ፣ ጠጠር፣ ቁልፍ፣ የተጠራ ነገር ሁሉ እያስፈራን መጣ። በመጨረሻ ቲቸር ጌትነት ከኪሱ ጠመኔ አወጣ።

“ጠመኔ የማንም ቤት ውስጥ የለም” አለ። “ከማንም ሕይወት ጋር አይቀራረብም። በዚህ እናድርገው።”

በነጋታው ሁለት ሰዓት ሳይሞላ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ግን አያ ሰይድ ቀድመውኛል። ሽርጣቸውን ታጥቀው፣ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ገበያ ከመግባታቸው በፊት ውጤቱን ሰምተው፣ አትችልም ከተባለ ልጃቸውን ይዘው ሊያልፉ ነው የመጡት፤ የልብሷ ፌስታል እግራቸው ሥር ነው። ሀዋ አጠገባቸው ቆማ መሬት ታያለች።

ቲቸር ጌትነት ሲደርስ ፌስታሉን አየ። ሰላምታ ሰጣቸውና አጠገባቸው ተቀመጠ። ወላጅን መጠየቅ ከምዘናው ሥራ አንዱ ነው፤ ስለ ቤቱ፣ ስለ ሥራው፣ ስለ ልጁ አስተዳደግ ይጠየቃል።

“አያ ሰይድ፣ ከብት ስንት አለዎት?”

“አልሐምዱሊላህ።”

“ስንት ይሆናሉ?”

“አላህ የሰጠን ያህል አለ፣ መምህር።”

“በግምት እንኳ?”

“ከጎረቤት አናንስም።”

“ልጆችስ?”

“እነሱም አሉ፤ አልሐምዱሊላህ።”

እኔ የነጠላዬን ጫፍ ነክሼ ግድግዳ ማየት ጀመርኩ። አባትየው በኛ ምዘና ከልጃቸው አልበለጡም። ቲቸር ጌትነት ግን ፊቱ አልተንቀሳቀሰም፤ ያን ያህል ጊዜ “ፊትሽን አዙሪ” ያለኝ ሰው ነው።

“አያ ሰይድ፣ እኔ ባለፈው ልጅዎን ከጭቃ የተሠሩ ላሞች ሰጥቼ በጣትሽ እየነካሽ ቁጠሪ ብያት ነበር” አላቸው።

አያ ሰይድ ከተደገፉበት ቀና አሉ። “ቆጠረች?”

“እምቢ አለች። አሥር አቀረብኩ፣ አምስት አቀረብኩ፣ ሦስት አቀረብኩ። አልቆጠረችም።”

“ማሻ አላህ” አሉ አያ ሰይድ፤ እጃቸውን ዘርግተው የልጃቸውን ራስ ነኩ። “ጎበዝ ናት።”

እኛ ዜሮ የሰጠንበትን እሳቸው ሙሉ ሰጡት።

ቲቸር ጌትነት ሀዋን ይዞ ገባ። ወላጅ ምዘና ላይ አይገባም፤ አያ ሰይድ ውጭ ቀሩ። እኔ እግሬን አስሬ ተቀመጥኩ። ጠመኔዎቹን ደረደርኩ። ያው ቃል፣ ያው ድምፅ። “እያንዳንዱን በጣትሽ እየነካሽ ቁጠሪልኝ።”

ሀዋ መጀመሪያ ቲቸር ጌትነትን፣ ከዚያ ጠመኔዎቹን አየች። እጇ ከሻርፑ ወጣ። “አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት…” ድምጿ ቀጭን ነው፤ ግን አይንቀጠቀጥም። አሥር ላይ ስትደርስ ሌላ ጨመርኩ። አለፈችው። ሌላ ጨመርኩ። የጠመኔው ካርቶን ባዶ ሆነ።

“ሌላ የለም?” አለች።

ፊቴን ለማዞር እንኳ አልደረስኩም። ቲቸር ጌትነት ወደኔ አላየም፤ የሱም ጥርስ ታይቶ ነበርና።

ዳይሬክተሯ ተጠርታ መጣች። ቲቸር ጌትነት አያ ሰይድን ወደ ውስጥ አስገብቶ ውጤቱን አስረዳቸው። ልጅዎ ታያለች፣ ትሰማለች፣ ታስታውሳለች፣ ትቆጥራለች። ልዩ ክፍል አያስፈልጋትም። የሚያስፈልጋት ፊት ወንበር ላይ መቀመጥና እንድትናገር ጊዜ የሚሰጣት መምህር ነው።

አያ ሰይድ በጥሞና ሰሙ። ሲጨርስ “አልሐምዱሊላህ” አሉና ተነሱ። ፌስታሉንም አነሱ።

“እንግዲህ መቁጠሩን ከቻለች በቃ። ፈራሁ እንጂ፣ ጭንቅላቷስ ጤነኛ ነው። አላህ ይስጣችሁ። ነይ ሀዋ።”

እኛ ትቆጥራለች እንድንል ስንሯሯጥ፣ ለሳቸው ትቆጥራለች ማለት ተምራ ጨርሳለች ማለት ሆነ። ዳይሬክተሯ ስለ ትምህርት ጥቅም ማውራት ጀመረች። አያ ሰይድ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው በአክብሮት ሰሟት፤ ፌስታሉን ግን አላስቀመጡም።

“አባ” አለች ሀዋ። “መቀነስ አልተማርኩም።”

አያ ሰይድ ፈገግ አሉ፤ ብዙ ደስታ የሌለው ፈገግታ። “መቀነሱን ያለ ትምህርት እናውቀዋለን ልጄ። ድርቁ አስተምሮናል።”

ሀዋ የአባቷን ሽርጥ ጫፍ ያዘች። ግድግዳው ላይ እኔ የጻፍኩት፣ የሂሳብ ቃላት ያሉበት የማዳበሪያ ገበታ ተሰቅሏል፤ ቃሎቹን እየተከተለች አነበበች፤ ፊደል በፊደል።

“ማ…ባ…ዛ…ት። ማባዛትስ?”

አያ ሰይድ ወደ ቲቸር ጌትነት ዞሩ። “ማባዛት ደግሞ የሚባል አለ?”

“አለ።”

“ምንድን ነው እሱ?”

“ትንሹን ብዙ ማድረግ ነው፣ አያ ሰይድ።”

አያ ሰይድ ትንሽ አሰቡ። “እሱንም ታስተምራላችሁ?”

“እናስተምራለን።”

“ስንተኛ ክፍል ላይ?”

“ሦስተኛ ክፍል ላይ ነው ጠንከር የሚለው።”

አያ ሰይድ ፌስታሉን ለልጃቸው ሰጧት። “እንግዲያ እሱን ሳትይዢ እንዳትመጪ” አሏትና ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ወደ ገበያው ወጡ። ሀዋ ፌስታሉን አቅፋ ወደ ክፍሏ ሄደች።

ሦስተኛ ክፍል ሲያልቅ ምን እንደሚሉ አናውቅም። ቲቸር ጌትነት “ያኔ ማካፈል አለ” ይላል። ዳይሬክተሯ ይሄኛው ቃል ለድርድር የሚመች አልመሰላትም።

ከዚያ በኋላ፣ ቀደም ሲል በላሞቹ የተመዘኑትን የቆላ ቀበሌ ልጆች አስጠራን። አብዛኞቹ ጠመኔውን ቆጠሩት። አንዱ በጠመኔም አልቆጠረም፤ እሱ በእውነት እርዳታ ይፈልግ ነበር፣ አሁን እየታገዘ ነው። አንዲት ልጅ ግን ቤተሰቦቿ ከብቱን ተከትለው ወደ አፋር አቅጣጫ ወርደዋል፤ ልከን አጥተናታል። እስካሁን በገበያ ቀን ከዚያ ከመጣ ሰው ሁሉ እጠይቃለሁ።

ላሞቹ አልተጣሉም። ቲቸር ጌትነት ወደ ማስታወስ ምዘና አዛወራቸው። ልጁ ላሞቹን ያያል፣ ዞር ይላል፣ አንዷ ትደበቃለች፣ የትኛዋ እንደጎደለች ይናገራል። የቆላ ልጆች ወዲያው ይናገራሉ። የከተማ ልጆች ይቸገራሉ። እኔ ራሴ ሠርቻቸው ስሞክረው ሁለት ጊዜ ወድቄያለሁ፤ ቲቸር ጌትነት ውጤቴን በወጉ መዝግቦልኛል።

ለምትተኪኝ ልጅ የምለው ይሄን ነው። መርጃ መሣሪያ ከልጁ ሕይወት ጋር የተቀራረበ ሲሆን የቤቱም ሕግ አብሮት ይመጣል። ከመሥራትሽ በፊት እነሱ ቤት ምን እንደማይቆጠር፣ ምን እንደማይነካ ጠይቂ። ልጁ ዝም ካለ ዕቃውን ቀይሪና ሌላ ቀን ሞክሪ። ከዚያ በፊት “አይችልም” ተብሎ አይጻፍም።